ክርስትና ከባንኮኒው ጀርባ

ደሴ ውስጥ ትንሽ የእህልና የበርበሬ ሱቅ አለችኝ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ እመጣና ነጠላዬን አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሚዛኑን አወጣለሁ። ለብዙ ዓመት እምነቴም ከነጠላው ጋር ታጥፎ እዚያው ይውል ነበር። ማታ ሱቁን ስዘጋ ሁለቱንም አንሥቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። መሀል ያለው ሰዓት ግን የንግድ ነው እል ነበር።

አሁን እንደዚያ አላምንም። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው። ሌላው በሚዛን፣ በስልክ፣ በደመወዝ፣ በቡና ላይ ወሬ ያልቃል። ክርስቲያን መሆኔ የሚታወቀው ወይም የሚጠፋው እዚያ ነው።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ የሄድኩበትን መንገድ ነው፣ በቅደም ተከተሉ። ለመከተል ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። መምህሩ ማርክ ሲሰጥ፣ የታክሲው ረዳት የብር መልስ ሲመልስ፣ የቢሮ ሠራተኛው ፋይል ሲያቆይ የየራሱን ሚዛን ይዟል።

መጀመሪያ አንድ ቦታ ምረጡ

ሁሉን ባንዴ ላስተካክል ብሎ የተነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል። እኔም ሞክሬው ደክሞኛል። ይልቅ እሑድ ከሰዓት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ባለፈው ሳምንት ካደረጋችሁት ውስጥ ቅር ያላችሁን ጻፉ። ትልልቁን ኃጢአት አትፈልጉ። ዓይናችሁን የሰበራችሁበትን፣ ድምፃችሁን ዝቅ ያደረጋችሁበትን፣ በልባችሁ “ማን ያውቃል” ያላችሁበትን ፈልጉ። “ማን ያውቃል” ባላችሁበት ቦታ ጀምሩ።

የእኔ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ወጣ። ጣሳው፣ መሐላው፣ ስልኩ። የመጀመሪያውን ወር ጣሳውን ብቻ ያዝኩ።

መለኪያችሁን ፈትሹ

በገበያ ቀን ከኩታበር በኩል ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ምስር፣ ባቄላ፣ አንዳንዴ ጤፍ እገዛለሁ። ያን ጊዜ ስገዛ የምሰፍርበት ጣሳ ሌላ፣ ስሸጥ የምሰፍርበት ሌላ ነበር። የመግዣው ሆዱ ሰፊ ነው። የመሸጫው ታቹ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። እኔ አልቀጠቀጥኩትም፣ ሲመጣም እንደዚያ ነበር። ግን አውቅ ነበር።

ዘዳግም 25 ላይ በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሚዛን፣ በቤትህም ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ አይኑርህ የሚል ትእዛዝ አለ። ያን ምዕራፍ ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቀና ስል ሁለቱም ጣሳዎች ፊቴ ነበሩ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። አንድ መስፈሪያ ብቻ ያዙ፣ ስትገዙም ስትሸጡም እሱው ይሁን። የተጎዳውን ለሌላ ሰው አትስጡ፣ ረግጣችሁ አጥፉት። ከአፉ በላይ ቆልላችሁ ከገዛችሁ ቆልላችሁ ሽጡ። በእጃችሁ ጠርጋችሁ ከሸጣችሁ ጠርጋችሁ ግዙ።

ሚዛን ከሆነ ያላችሁ፣ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አምጥታችሁ መዝኑት። የ1 ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነው፣ የፕላስቲኩ ትንሽ ይጨመርበታል። ስለዚህ መርፌው ከ1 ኪሎ ጥቂት ማለፍ አለበት። ከ1 ኪሎ በታች ካሳየ ስትገዙ ገበሬውን ይጎዳል። በጣም ካለፈ ደግሞ ስትሸጡ ገዢው ያልወሰደውን ይከፍላል። ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ሲቆይ ይላላል፣ ስለዚህ በየወሩ ፈትሹት። ሳትጭኑበት መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን ግን በየቀኑ እዩ።

ሌላው የማዳበሪያው ጉዳይ ነው። ከገበሬ ስንገዛ “ለማዳበሪያው” ብለን እንቀንሳለን። ባዶውን ማዳበሪያ መዝናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስመዝነው የምቀንሰው ከክብደቱ እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ የገበሬው ላብ ነው። አሁን ማዳበሪያውን ራሱን እመዝንና ያንኑ እቀንሳለሁ።

የሚዛኑን ፊት ወደ ገዢው አዙሩት። አሮጌ እህል ከአዲስ ጋር ከደባለቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በርበሬው ላይ ጨው በዝቶ ከሆነም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ወር ትርፌ ቀነሰ። ይህን አልደብቃችሁም። በሁለተኛውም ያው ነበር። ካሰባችሁበት የቤት ወጪያችሁን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፣ አለዚያ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ የድሮው ጣሳ ትዝ ይላችኋል።

መለኪያው ከተስተካከለ በኋላ ያለፈው ይቀራል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል “ከእንግዲህ አላደርግም” ብቻ ብሎ አልተወውም። የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ ሉቃስ 19 ላይ ነው። እኔ አራት እጥፍ አልቻልኩም። ያገኘኋቸውን ሰዎች ግን ለመካስ ተነሣሁ።

ለዓመታት ምስር የሚያመጡልኝ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ የገበያ ቀን ሰፍረን ከጨረስን በኋላ “አባባ፣ የድሮው ጣሳዬ ትልቅ ነበር። ጎድሎብዎታል” ብዬ ብር ዘረጋሁላቸው። ብሩን አላዩም። ጣሳውን አነሡ። ውስጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“አውቅ ነበርኮ ልጄ” አሉኝ።

“ታዲያ ለምን ወደኔ ይመጡ ነበር?”

“ሌላውም ዘንድ ያው ነው። አንቺ ውሃ ታጠጪኛለሽ።”

ከዚያ ብሩን ተቀብለው ቆጠሩና ከጋቢያቸው ሥር አስገቡት። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራሁም።

የማታገኟቸው ሰዎች ብዙ ይሆናሉ። ለዚያ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። እኔን በግምት አስልቼ ለድሆች እንድሰጥ ነው ያዘዙኝ። ስሌቱን ራሳችሁ ለራሳችሁ አታቅልሉት።

በማርያም አትሸጡ

“ማርያምን፣ የመጣበት ነው!” ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምል አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት 14 ደረሰ። ከ14ቱ እውነት የነበሩት ሁለት ናቸው። ሰኔ 21 እና መስከረም 21 ስሟን ጠርቼ የማለቅስላትን እናት ኪሎ በርበሬ ላይ ምስክር አቆማታለሁ።

ማቴዎስ 5፥37 አጭር ነው። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ ወይም አይደለም አይደለም ይሁን። ባዶ አፍ ግን አይሆንም፣ መሐላው በነበረበት ቦታ ሌላ ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት አለባችሁ። የእኔ “ዋጋዬ ይኸው ነው፣ ካልተመቸዎት ዞር ዞር ብለው ይዩ” የሚል ነው። ሁለተኛው ዘዴ ዋጋን ከመነሻው ማሳነስ ነው። ሊቀንሱ አስበው የሚጨምሩ ሰዎች ናቸው መማል የሚያስፈልጋቸው። የመጨረሻ ዋጋችሁን ከመጀመሪያው ብትናገሩ የምትምሉበት ነገር ያጥራል።

ማዶ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ሙስሊም ነው። እሱ “ወላሂ” ይላል፣ እኔ “ማርያምን” እላለሁ። ስነግረው “እኛም ዘንድ እኮ ለሽያጭ መማል የተጠላ ነው” አለኝ። ሁለታችንም ልንተው ተስማማን። ሲያመልጠኝ ከማዶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሲያመልጠው እኔ ባንኮኒውን በጣቴ መታ አደርጋለሁ። ብቻዬን ብሆን አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር። እናንተም የሚጠብቃችሁ ሰው ፈልጉ። የሌላ እምነት ሰው መሆኑ ምንም አያጎድልም።

“የለችም በያቸው”

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዕዳ ያለብኝ የጅምላ ነጋዴ ሲደውል ስልኩን ሰጠኋትና “የለችም በያቸው” አልኳት። “እማዬ የለችም” አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኗን እንኳን ከደብተሯ አላነሣችም። ውሸቱ ሳይሆን መልመዷ ነው ያስደነገጠኝ። ማን እንዳስለመዳት አውቃለሁ።

ለስልክ ውሸት መድኃኒቱ አጭር እውነት ነው። “ዛሬ አልሞላልኝም። ሐሙስ ግማሹን አስገባለሁ።” ከዚያ ሐሙስ ግማሹን አስገቡ። ካልሆነላችሁ እሱ ሳይደውል እናንተ ረቡዕ ደውሉ። አበዳሪ የሚናደደው ገንዘቡ በመዘግየቱ ብቻ አይደለም፣ እኛን ሲፈልግ መዋሉ ነው የሚያበሳጨው። “እየደረስኩ ነው” የምትለዋም አለች፣ እግራችን ገና ጫማ ሳይነካ። “ገና አልወጣሁም፣ 20 ደቂቃ ይፈጅብኛል” በሉ። ሰውየው ሻይ አዞ ይጠብቃችኋል።

ፀሐይ ሳትገባ ክፈሉ

ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። የቀን ሠራተኛን ሒሳብ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው፣ ነፍሱ በእሱ ላይ ናትና ይላል ዘዳግም 24። ኩንታል ያወረደላችሁን ልጅ “ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና” አትበሉት። እራቱ ነው። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ ግን ትንሽ ቆም በሉ። ከደላንታ ወይም ከወግዲ ለሥራ የመጣች የሰው ልጅ ናት። ደመወዟ በራሷ ስም በባንክ ደብተር ይግባላት። “እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ” ማለት ደግ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን መጨረሻው ጠብ ነው። የማታ ትምህርት ትማር። እሑድ እናንተ አስቀድሳችሁ ስትመለሱ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ካገኛችኋት ሰንበት የማን ነው? በየተራ ይሁን። እኛ ቤት አንድ እሑድ እኔ፣ አንድ እሑድ እሷ ወጥ እንሠራለን።

ሁለት ቆርቆሮ

ባንኮኒዬ ሥር ሁለት የወተት ቆርቆሮ አለ። አንዱ የአሥራት፣ ሌላው የጾም ነው።

የአሥራቱ ስሌት እንዲህ ነው። በቀን 6,000 ብር ሸጥኩ እንበል። ዕቃው የመጣበት 5,200 ነው። ኪራይ፣ መብራትና ተሸካሚ ለቀኑ 300 ይሁን። የተረፈኝ 500 ነው፣ አሥራቱ 50 ብር። ማታውኑ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል። ወር ሙሉ ጠብቃችሁ በመጨረሻ አወጣለሁ ካላችሁ 1,500 ብር ባንዴ ይከብዳችኋል። 50 ብር ግን አይከብድም።

የጾሙን ብዙ ሰው አያደርገውም። ለእኔ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ አንገዛም። በፍስክ ቀን ለእነዚህ 150 ብር የሚወጣ ከሆነ በሳምንት 300 ብር ተርፏል። ይህ ብር የማን ነው? ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ተብሏል። ስለዚህ የተራበው ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲመጣ ቆርቆሮው ይሞላል። በጾም ወራት በውድ የጾም ምግብ ከፍስኩ የበለጠ የምናወጣ ከሆነ ግን መለስ ብለን ማሰብ አለብን።

ስለ መስጠት አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን ለማኝን “የእኔ ቢጤ” ይለዋል። እኔን የመሰለ ማለት ነው። ይህን ቃል ወሎ ውስጥ ያለ ሰው መፍታት አያስፈልገውም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያላዩት ልጆች እንኳን ከአያቶቻቸው ሰምተውታል። በ2013 መጨረሻ በጦርነቱ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ መጥቶ በየትምህርት ቤቱ ሲጠለል እንጀራ ይዘን ሄድን። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2014 ጥቅምት፣ እኛው ራሳችን ልጅ አዝለን ከደሴ ወጣን። አንዲት የማላውቃት ሴት ቆሎ በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። የእኔ ቢጤ ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የሚሰጥ ሳይኖረን “እግዜር ይስጥልን” እንላለን። ጸሎት ነው፣ አትተዉት። ግን መሳቢያው ውስጥ ብር እያለ ከሆነ ያዕቆብ 2 ላይ ያለው ይመጣል። በደኅና ሂዱ፣ ሙቁ፣ ጥገቡ ብሎ ምንም ሳይሰጡ መሸኘት። ቆርቆሮው ለዚህም ይረዳል፤ ብሩ አስቀድሞ የእነሱ ስለሆነ በየጊዜው ከራሳችሁ ጋር አትከራከሩም። ስትሰጡ ደግሞ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ “እንዴት ዋሉ” በሉ።

ቡናው ላይ

አቦሉ ሲጠጣ ወሬው የኑሮ ውድነት ነው። ሐሜቱ የሚገባው ቶናው ላይ ነው። በረካው ሲደርስ የአንዲት ጎረቤት ትዳር አልቆ ተበልቷል። “አትሙ” ብዬ ተነሥቼ አላውቅም፣ እንዲያ ማለት ራስን ማመጻደቅ ይሆናል። የማደርገው ይህን ነው። የተነሣችውን ሴት “ታማለች እንዴ? እስቲ ልደውልላት” እላለሁ። ስልክ ሲወጣ ሐሜት ይቆማል። ሁለት ጊዜ በእርግጥም ችግር ላይ አግኝተናት ተያይዘን ሄደናል።

ቡናችን ላይ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉ፣ ወሎ ነውና። እነሱ ሲመርቁ አሜን እንላለን፣ እኛ ስንመርቅ አሚን ይላሉ። በረመዳን ቀን ቡና በራቸው ላይ አታፍሉ። ድግስ ካላችሁ ለእነሱ የሚሆነውን ከብት በእነሱ እጅ አሳርዱ፣ ድስቱንም ለዩ። እነሱም በጾማችን በዘይት የተሠራ ወጥ ያቀርቡልናል። ይህን ከእናቶቻችን ያየነው ነው፣ እንዳይጠፋ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዲያቆኑ “ተአምኁ በበይናቲክሙ” ሲል

በቅዳሴ መሀል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ይላል። ሁላችንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንበስ እንላለን። በዚያች ሰከንድ አንድ ሰው አስቡ። እሱ አጠገባችሁ ቢቆም ኖሮ ጎንበስ ትሉ ነበር? የማትሉለት ሰው ካለ፣ ማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና ሄደህ ታረቅ ይላል።

እኔ ከአጥር ጎረቤቴ ጋር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ምክንያት ሁለት ዓመት ተዘጋግተናል። ብቻዬን ሄጄ በሯን ባንኳኳ ይባስ ይከር ነበር። ሁለት ሽማግሌ ላክሁ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሼኽ። ወሎ ለዚህ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎችም ነበሯት፣ በገጠሩ ዛሬም አሉ። ሽማግሌ ስትልኩ የምትተዉትን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ “ቦዩ በእኔ በኩል ይሂድ” ብዬ ነው የላክሁት። ባዶ እጁን የተላከ ሽማግሌ ይመላለሳል እንጂ አያስታርቅም።

ማታ አምስት ደቂቃ

ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ መብራቱን ሳላጠፋ እቀመጣለሁ። ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ በሰው በሰው አስታውሳለሁ፤ ማን መጣ፣ ምን አልኩት፣ ምን ይዞ ሄደ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት። ያልተስተካከለውን በዱቤ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ወደ ንስሐ አባቴ ስሄድ ያን ገጽ ይዤ ነው። “በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ” ብሎ በጅምላ ከመናገር “ማክሰኞ እንዲህ አደረግሁ” ማለት ይከብዳል። ግን ምክሩም እንደዚያው ለማክሰኞ የሚሆን ይመጣል።

መውደቃችሁ አይቀርም። ስትወድቁ ለሰውየው በዚያው ቀን ደውሉ። ስልኩ ከሌላችሁ የመጣበትን ሰፈር ጽፋችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። ዛሬ በእኔ ገጽ ላይ ሁለት ሰው አለ። አንዷ አረንጓዴ ሻሽ ያሠረች፣ ከጢጣ የመጣች እናት ናት። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዝታ በግርግር መሀል መልሷን 50 ብር አጉድዬባታለሁ። ብሩ በወረቀት ተጠቅልሎ ሚዛኑ ሥር ተቀምጧል።